የሆዳሙ ትኩሳት

አባቴ ሲናገረው ታሪኩ አጭር ነው። «መቆጣጠሪያው ከዳን» ይላል። «ውሃው ሊፈነዳ ደርሶ ማራገቢያው አሁንም እሳቱን ይነፋል። የሠራው ሰውዬ ጥፋቱን ሲያውቅ የተበላሸውን ዕቃ ነቅሎ ኪሱ ከተተ። በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው።»

አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ሲናገረው ደግሞ ከዚያም ያጥራል። «መተንፈሻው ተደፍኖ ነበር።» በቃ። ኪሱ ስለገባው ነገር የሚጠይቀው ካለ «የእጅ መጥረጊያ ጨርቅ ነው» ይልና ወሬውን ወደ ሌላ ያዞራል።

ሁለቱም አልዋሹም። በሁለቱ እውነት መሀል ግን አጎቴ ቤታችንን ሳይረግጥ እኔ አድጌ ጨረስኩ። እናቴ ወንድሟን ልታይ ስትሄድ ባዶ የገበያ ቦርሳ አንጠልጥላ ትወጣለች፤ ባዶውን ይዛ ትመለሳለች። አባቴም ቦርሳውን አይቶ እንዳላየ ያልፋል።

እኔ ሦስተኛ ታሪክ ነበረኝ። በጊዜው ማንም አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቁኝም ይስቁብኝ ነበር። በእኔ ታሪክ ውስጥ የታመመ አውሬ፣ የምታስታምም እናትና አንድ ሌባ ነበሩ።

አውሬውን «ሆዳሙ» እንለዋለን። አባቴ በያጅ ነው። ከተጣለ የነዳጅ ታንከር ቆርጦ፣ ትንሹን በርሜል ትልቁ ውስጥ ከትቶ በየደው። በትንሹ ውስጥ ፍልጥ ይነዳል፤ በሁለቱ መሀል ውሃ ይሞቃል። የሞቀውን ውሃ ፓምፕ በተቀበረ ቱቦ እየገፋ ወደ ቤት ያስገባዋል፤ ውሃው በየክፍሉ ግድግዳ ሥር በቆሙት ራዲያተሮች ዞሮ፣ ሙቀቱን ጥሎ፣ ተመልሶ ጓሮ ይወጣል። ሆዳሙ በቆርቆሮ ጥላ ሥር የቆመ፣ ቁመቱ ከአባቴ የሚበልጥ ጥቁር ሆድ ነበር። አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ መጀመሪያ ያየችው ቀን አባቴ ፍልጡን በክንዱ እየታቀፈ ሲከትበት ቆማ አስተዋለችና «ይሄ ሆዳም እኛን ሳይበላ አይጠግብም» አለች። ስሙ በዚያው ጸና።

አባቴ ሆዱን ሠራ፤ ጭንቅላቱን የሠራለት አጎቴ ነው። አጎቴ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ሰፈሩ «ዲግሪ» ይለዋል። ዲግሪ ኖሮት አይደለም፤ ስለ ሙቀት ሲከራከር አንዷን ዲግሪ ለማንም ስለማይለቅ ነው። ከተጣለ የውሃ ማሞቂያ ያወጣውን የሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ቴርሞስታት የሚሉትን፣ ግራጫ ሳጥን ውስጥ አስገብቶ ከሆዳሙ አጠገብ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ከሳጥኑ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ እርሳስ የምታክል ዘንግ አለች። ዘንጓን ሙቅ ውሃ በሚወጣበት ቧንቧ ላይ አስጠግቶ አሰራትና ላይዋን በሱፍ ጠቀለላት።

«ሱፉ ለምንድን ነው?» አለችው እናቴ።

«የውጪው ብርድ እንዳያታልላት። እሷ ከተታለለች ሁላችንም ተታለልን።»

ውሃው ሰባ አምስት ዲግሪ ሲደርስ ዘንጓ ታውቃለች፤ እሳቱን የሚነፋው ማራገቢያ ይቆማል፣ እሳቱ አየር አጥቶ ያንቀላፋል። ውሃው ሲቀዘቅዝ ማራገቢያው እንደገና ይነሳል። እኔ የገባኝ ግን ሌላ ነው።

«ይቺ ምንድን ናት?» አልኩት ዘንጓን እያሳየሁ።

«ሐኪሙ ብብትህ ሥር የሚያደርግልህን ታውቃለህ? እሷ ናት።»

«ትኩሳቱን ልትለካ?»

«አዎና። ትኩሳቱ ሲጨምር ምግብ ይከለከላል።»

እሱ ለልጅ እንዲቀልለው ብሎ ነው የተናገረው። እኔ ግን እንዳለ ዋጥኩት። ሆዳሙ ይበላል፣ ይተነፍሳል፣ ትኩሳትም ይይዘዋል።

አናቱ ላይ ደግሞ ወደ ሰማይ የቆመ ቀጭን ቱቦ ነበረው። አጎቴ ቱቦውን በመፍቻ እያንኳኳ ለአባቴ «ይሄ መተንፈሻው ነው» አለው። «ይሄ ክፍት እስከሆነ ድረስ፣ የእኔ ሳጥን ቢሞትም፣ ሆዳሙ ቢበዛ ፈልቶ ይተፋል እንጂ አይፈነዳም።» አባቴ ብረት እየሞረደ ራሱን ነቀነቀ። አባቴ ራሱን ሲነቀንቅ ሰምቻለሁ ማለቱ እንጂ አምኛለሁ ማለቱ እንዳልሆነ ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው።

የቤቱ ችግር የአያቴ ክፍል ነበር። የቱቦው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ውሃው እዚያ የሚደርሰው ለብ ብሎ ነው። በዚያ ዓመት ብርዱ ጠንቶ ነበር፤ ጠዋት የጓሮው ሣር በአመዳይ ነጥቶ ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል። አያቴ ካፖርቷን ደርባ ራት ትቀርብና አባቴን ሳይሆን እናቴን እያየች ትጀምራለች።

«እኔስ ሬሳ ነኝ መሰለኝ። ቀዝቃዛ ክፍል የሚቀመጥ ሬሳ ነው።»

«እማማ፣ ብርድ ልብስ ልጨምርልዎት?»

«ብርድ ልብስ መች ጠፋ ልጄ! ሙቀት ነው የጠፋው። ወንድምሽ በማንኪያ እየለካ ይሰጠናል።»

እናቴ አንገቷን ትደፋለች። አባቴ ጉርሻውን ትሪው ላይ ይመልሰዋል። አያቴ ከሞተች በኋላ እናቴ እንደነገረችኝ ከሆነ፣ አሮጊቷ ማታ እንዲሞቁላት ብላ ብርድ ልብሶቿን ቀኑን ሙሉ ራዲያተሩ ላይ ትደራርባቸው ነበር። ሙቀቱ ከብርድ ልብሱ አልፎ አያውቅም። በጊዜው ይህን ልብ ያለ ሰው ግን አልነበረም፤ ሁሉም ሰው የሚያየው ሳጥኑን ነበር።

«ሰማንያ አምስት አድርጋት» አለው አባቴ ለአጎቴ አንድ ቀን።

«አላደርጋትም።»

«የሆዳሙ ባለቤት ማነው?»

«አንተ። ለዚህ ነው እምቢ የምልህ፤ ቀድሞ የሚበላው አንተን ነው።»

«አቤት ዲግሪ! አንተ የምትለካው ፍርሃት ነው እንጂ ሙቀት አይደለም።»

ተሳሳቁ። አጎቴ ግን እየሳቀ የሳጥኑን ክዳን በብሎን ጠርቅሞ አሰረውና መፍቻውን ይዞ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አብረው ሲስቁ አልሰማሁም።

በዚያው ሰሞን እኔ ታመምኩ። ትኩሳት ያዘኝ፣ ነስር አስቸገረኝ። አባቴ ጥጥ ጠቅልሎ አፍንጫዬን ይደፍንልኛል፤ እናቴ ከአሮጌ የጠረጴዛ ልብስ የቀደደችውን፣ ሰማያዊ መስመር ያለውን ጨርቅ እያራሰች ግንባሬ ላይ ታደርግልኛለች። ጨርቁ ሲሞቅ ታነሳዋለች፣ ታርሰዋለች፣ ትመልሰዋለች። እስከዛሬ ከእናቴ እጅ ካገኘሁት ሁሉ አስበልጬ የማስታውሰው ያን ቅዝቃዜ ነው።

ትኩሳቱ የለቀቀኝ ዕለት ጠዋት ጓሮ ብወጣ አባቴ መሰላል ላይ ቆሟል። በጨርቅ የተጠቀለለ የእንጨት ውታፍ በመተንፈሻው አፍ ላይ አድርጎ በመዶሻ ያስገባል።

«ሙቀታችን ለካ በዚህ ነው የሚያመልጠው» ይላል ለራሱ።

«አባዬ፣ እሱም ነስር አለበት?»

ሳቀ። «አዎ፣ አለበት። ለአጎትህ ግን እንዳትነግርበት።» ጥቅሻ ጣለልኝና መንገዱ ጥግ ላይ ወዳለው መበየጃ ቤቱ ሄደ።

ከምሳ በኋላ እናቴ በርጩማ ይዛ አወጣችኝ። ከጓሮው ሁሉ ሙቅ ቦታ የሆዳሙ ጎን ነው። እዚያ አስቀመጠችኝ፤ ጉልበቴን በካፖርት ሸፈነችልኝ። ገብታ ደግሞ ጨርቁን ይዛ ተመለሰች፤ ያንኑ ሰማያዊ መስመር ያለውን፣ ውሃው እየተንጠባጠበ። ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። ሱፉን ፈታች። ዘንጓን ከቧንቧው ላይ አላቀቀችና በእርጥቡ ጨርቅ ጠቀለለቻት፤ ግንባሬን እንደምታደርገው፣ በዚያው በለስላሳ እጇ። ተኝቶ የነበረው ማራገቢያ ወዲያው ተነሳ።

«እማ፣ ትኩሳት አለው?»

ክው አለች። እንዳለሁ ረስታኝ ነበር መሰለኝ። «አዎ የኔ ጌታ» አለች ቀስ ብላ። «ትንሽ አሞታል። ለማንም አንናገርም፣ እሺ?»

«እሺ።»

ያን ጊዜ በእናቴ ኮራሁ። አባቴ አፍንጫውን ደፈነለት፣ እሷ ትኩሳቱን ታበርድለታለች፤ ሆዳሙ ይድናል። አሁን፣ ኮሌጅ ገብቼ ከተማርኩ በኋላ፣ ያየሁትን በሌላ ቃል ልናገረው እችላለሁ። ዘንጓ ብርድ ሲሰማት ውሃው የበረደ መሰላት፤ ለሳጥኑ «ንፋ» አለችው። ክዳኑ በብሎን የታሰረባት ሴት የቀራትን አንድ መንገድ፣ ከራሱ ከወንድሟ አፍ ሰምታ ይዛው ነበር። ያሰበችው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ የአማቷ ክፍል ሞቅ እስኪል። ግን አያቴ እግሯን እንድታጥባት ጠራቻት፤ አያቴ ጋ ገብቶ ቶሎ መውጣት ደግሞ የለም።

መጀመሪያ ከሆዳሙ ሆድ ውስጥ የጣት ማንኳኳት የሚመስል ድምፅ መጣ። ቆይቶ በጡጫ ሆነ። ቆይቶ በመዶሻ። ቧንቧዎቹ ይንቀጠቀጣሉ። ሆዳሙ ጎን ላይ ያለው የሙቀት መለኪያ ቀስት ቀዩን መስመር አልፎ መጨረሻው ላይ ተጣብቋል። ከውታፉ ጠርዝ በክር የቀጠነ እንፋሎት ያፏጫል። ማራገቢያው ግን መንፋቱን አልተወም። እኔ ሆዳሙ እያቃሰተ መሰለኝ። ከበርጩማዬ ተነስቼ እጄን ወደ ጎኑ ዘረጋሁና «አይዞህ፣ እማ ትመጣለች» አልኩት። ሙቀቱ ከሩቅ መዳፌን ገፋው።

አጎቴ የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቶ በጓሮ በር የገባው ያኔ ነው። እሱ ሲመጣ ሁልጊዜ ቀልድ ቀድሞት ይገባል። ያን ቀን ግን በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። ፊቱ ላይ ደም አልነበረም።

«ና» አለኝ፣ በሹክሹክታ በሚመስል ድምፅ። «ቀስ ብለህ ወደ እኔ ና።»

«አሞታል እኮ።»

«አውቃለሁ። አንተ ና።»

ለምን እንዳልጮኸ ኋላ ገባኝ። ደንግጬ በሆዳሙ ፊት በኩል እንዳልሮጥ ፈርቶ ነው። አልንቀሳቀስ ስለው በጥቂት እርምጃ ደረሰና አንገትጌዬን ይዞ ከጓሮው የድንጋይ አጥር ጀርባ ወረወረኝ። «እህቴ! አሮጊቷን ይዘሽ በፊት በር ውጪ! አሁኑኑ!» የማራገቢያውን ገመድ ከሶኬቱ መነጨቀው። ማራገቢያው ዝም አለ፤ መዶሻው ግን ቀጠለ። ረጅሙን የእሳት መቆስቆሻ አነሳ፣ የግድግዳውን ማዕዘን ተከለለና ክንዱን ብቻ አውጥቶ ውታፉን ከጎን መታው። አልወጣም። ደገመው። ግንባሩ ላይ ላቡ ሲወርድ ይታየኛል። ደገመው።

ሆዳሙ ጮኸ። ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ እንዲያ ያለ ጩኸት አልሰማሁም። ነጭ ዓምድ ወደ ሰማይ ተተኮሰ፤ የፈላ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። አጎቴ የተቃጠለ ክንዱን ይዞ ግድግዳው ጥግ ተለጠፈ። እኔ ከአጥሩ ጀርባ አለቅስ ነበር፤ ለአጎቴ አይደለም። የታመመውን አፍንጫ መትቶ ስላደማው ነው።

ጩኸቱ ወደ ረጅም ትንፋሽ ሲቀንስ እናቴ ቤቱን ዞራ እየሮጠች መጣች። አያቴ ከኋላዋ፣ አንድ እግሯ ታጥቦ አንዱ ሳይታጠብ፣ «ምን ወረደብን?» ትላለች። እናቴ ያየችው እኔን ብቻ ነው። አጥሩ ሥር ተንበርክካ ፊቷን ፀጉሬ ውስጥ ቀበረች።

እኔ ግን በትከሻዋ ላይ አሻግሬ አጎቴን አየሁት። ወደ ቧንቧው ሄደ። ዘንጓን ሲያይ ቆመ። ጨርቁን ፈታው፤ ከጨርቁ እንፋሎት ይወጣል። ሰማያዊውን መስመር ገልብጦ አየ፣ ቀና ብሎ የእህቱን ጀርባ አየ። ዘንጓን ወደ ቦታዋ መለሳት። ጨርቁን ጨብጦ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ሌባ!» ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ግን ለማንም አንናገርም ተባብለናል።

ይህን ጊዜ አባቴ በጓሮ በር ገባ። ጩኸቱን ከመበየጃ ቤቱ ሰምቶ፣ የመበየጃ ጭንብሉ ግንባሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው የሮጠው።

«ምን ደበቅክ?»

«ምንም። ጨርቅ ነው።»

«አሳየኛ።»

«አላሳይም።»

«ልጄ እዚህ ነበር?» አባቴ የወደቀውን በርጩማ አየ። «እዚህ ነበር የተቀመጠው?»

«መተንፈሻውን ማን ደፈነው?» አለ አጎቴ።

አባቴ ጭንብሉን ከግንባሩ አወለቀ። «እኔ ነኝ! ታዲያስ? ሳጥንህ ቢሠራ ኖሮ ውሃው ሰባ አምስትን ያልፍ ነበር? መልስልኝ! ያልፍ ነበር?»

አጎቴ እናቴን አየ። እሷ እኔን ከመጨበጧ ብዛት ጣቶቿ ነጥተው ነበር። የአጎቴ ክንድ ላይ ቆዳው እያበጠ ይነሳል።

«አያልፍም ነበር» አለ።

«ልጄን ልትፈጅብኝ ነበር። ውጣ። ይህን በር ሁለተኛ እንዳትረግጥ።»

አጎቴ ቦርሳውን በደህናው እጁ አነሳና ወጣ። እኔም እሰይ አልኩ። ሆዳሙ ከዚያ ቀን በኋላ አልተለኮሰም፤ እኔም ክፉው ሰው ገደለው ብዬ ከሰፈር ልጆች ጋር ሳወራ ኖርኩ።

ሆዳሙን ዳግም ለመለኮስ የተነሳው አባቴ ነው፣ ባለፈው ወር። ጉልበቱን ብርዱ እየበላው ነው። ዝገቱን ፍቆ፣ የተከፈተውን ብየዳ ዘግቶ፣ መተንፈሻውን በሰፊ ቱቦ ተክቶ ጨረሰ። መቆጣጠሪያውስ ስለው «ዓይኔ ይበቃል» አለኝ። በማግሥቱ እሱ ሳይሰማ አጎቴ የኤሌክትሪክ ዕቃ ወደሚጠግንበት ሱቅ ሄድኩ።

«አባትህ ልኮህ ነው?»

«አላወቀም። ያለ ሳጥን ሊለኩሰው ነው።»

«በዓይኑ ሊለካ! ያው ነው ለካ፣ አልተለወጠም» አለ። ሳቁ እንደ ድሮው አልነበረም። እጅጌው ሲሰበሰብ ክንዱ ላይ የተጨማደደው ጠባሳ ታየ።

«አጎቴ፣ ያን ቀን እማ ዘንጓን በእርጥብ ጨርቅ ስትጠቀልላት አይቻለሁ። ትኩሳቱን የምታበርድለት ነበር የመሰለኝ።»

መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ለማን ነገርክ?»

«ለማንም።»

«ጨርቁን ከዘንጓ ላይ ማንሳቴንስ እሷ ታውቃለች?»

«አይመስለኝም።»

«እንግዲያው አትወቅ። አንተን እዚያ ያስቀመጠችህ እሷ ናት፤ ገብቶሃል? ይህን ይዛ ሌሊት እንድትገላበጥ አልፈልግም።»

«አንተስ?»

«እኔ ትከሻ አለኝ» አለና ከመደርደሪያው ላይ አዲስ ሳጥን አወረደልኝ።

ቃል ግባልኝ አላለኝም፤ እኔም አልገባሁለትም። መንገዱን ሁሉ ሳስብ ሄድኩ። ታሪኩ የእኔ አይደለም፤ የእናቴ ነው። ግን እሷም ግማሹን ብቻ ነው የያዘችው። በመጨረሻ ራሴ ያየሁትን ብቻ ልናገር፣ የቀረውን ለእሷ ልተው ብዬ ወሰንኩ።

ስደርስ አባቴ ፍልጡን አጭቆ ክብሪት ይዟል። እናቴ ጭራሮ ታቀብለዋለች። ሳጥኑን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ከዚያ ሰውዬ ነው? መልስለት። መጀመሪያ ኪሱ የከተተውን ያምጣ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።»

«ጨርቅ ነበር አባዬ።»

«አንተም ጨርቅ አልክ?»

«ከዘንጓ ላይ ሲፈታው አይቻለሁ። ሰማያዊ መስመር ያለው ነው።»

የእናቴ ጭራሮ መሬት ላይ ተበተነ። አባቴ ክብሪቱን ጫረ፤ እሷን ሲያይ ግን እንደያዘው ቀረ።

«ንፋስ የወሰደው ነበር የመሰለኝ» አለች፣ ለማናችንም ሳይሆን። «ፈልጌ ፈልጌ ሳጣው፣ ከመጀመሪያውም ከዘንጓ ወድቆ ነበር፣ ጥፋቱ የእኔ አይደለም አልኩ። ወንድሜ ኪስ ውስጥ ነበር?» ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች። «እኔ ነኝ። ዘንጓን በእርጥብ ጨርቅ ያታለልኳት እኔ ነኝ። እናትህን በረዳት፣ አንተ ትበሳጫለህ፣ እሱ ክዳኑን ቆልፎታል፤ ምን ላድርግ? ልጄንም በእነዚህ እጆቼ አምጥቼ አጠገቡ አስቀመጥኩት። ይህን አፌ ማውጣት አልቻለም። ወንድሜ ሲባረር ቆሜ አየሁ።»

ክብሪቱ የአባቴን ጣት ላሰው፤ ጣለው። እናቴ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ነጠላ ጫማዋን ታጠልቅ ጀመር። «እሄዳለሁ። እግሩ ላይ ወድቄም ቢሆን አመጣዋለሁ።»

አባቴ ቀና ብሎ መተንፈሻውን አየ። ከዚያ ጎንበስ አለና ያጨቀውን ፍልጥ አንድ በአንድ ከሆዳሙ አፍ እያወጣ መሬት ላይ ደረደረው። የመጨረሻውን ሲያስቀምጥ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«አንቺ ቁጭ በይ» አላት። ወደ እኔ ዞረ። «ጃኬቴን አምጣልኝ። የደፈንኩትም እኔ፣ ያባረርኩትም እኔ። የምሄደውም እኔ ነኝ።»